ወደ ላይ «አይሆንም» ማለት፦ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና የኢትዮጵያ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት

(በሉማሜ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬውን ርእስ የመረጥኩት እኔ ሳልሆን አንድ ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ ስለ አሜሪካ ሴኔት ስንወያይ፣ ወግ አጥባቂ ስለነበረ አንድ ሴናተር ሕይወትና ሥራ አንብበን ነበር። ውይይቱ ሲያበቃ አንድ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አንሥቶ «እኛስ እንዲህ ያለ ሴናተር ነበረን?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። ዛሬ የተሻለውን መልስ ይዤ ለመቅረብ እሞክራለሁ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። ወግ አጥባቂ ሴናተር ነበረን፤ እንዲያውም ከወግ አጥባቂዎቹ መካከል እጅግ የታወቀው የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። ያልነበረን ግን እንዲህ ያለ ሰው ለሚወደው ሥርዓት እውነቱን የሚነግርበት መድረክ ነው። ስለ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ የምናገረው ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ምክር ቤቱ ጥቂት ልበል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ በኋላ በተለምዶ ሴኔት የተባለው ነው፤ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተካሄደ። ሆኖም ተመራጩ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። የሕግ መወሰኛው አባላት ግን እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ተሿሚ ሆነው ቀጠሉ። ዘመናቸው 6 ዓመት ነበር። ቁጥራቸው ከሕግ መምሪያው አባላት እኩሌታ እንዳይበልጥ፣ ዕድሜያቸውም ከ35 ዓመት እንዳያንስ ሕገ መንግሥቱ ደነገገ። ከመሳፍንትና ከመኳንንት፣ ከቀድሞ ከፍተኛ ሹማምንት ወይም በጠባይና በአገልግሎት ከተከበሩ ሰዎች መካከል ይመረጡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የአሜሪካ ሴናተርም ዘመኑ 6 ዓመት ነው። ነገር ግን ከ1905 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ ሴናተሩን የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ነው። የዘመኑ ርዝመት አንድ ሲሆን፣ 6 ዓመቱ ሲያልቅ ወንበሩን የሚያድሰው ሰው ግን የተለየ ነው። በዚያ ሕዝብ ያድሰዋል፤ በእኛ ዘንድ ዙፋኑ ያድሰው ነበር። የኋለኛው ታሪካችን ብዙው ከዚህ ልዩነት የመነጨ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰውየው ልለፍ። አሥራተ ካሣ በ1914 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የሰላሌው ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። ራስ ካሣ በእናታቸው በኩል የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ነበሩና ከሸዋ ነገሥታት ዘር ይቆጠራሉ። በትውልድ ለዙፋኑ እጅግ የቀረቡ ሆነው ሳለ የራስ ተፈሪን ንግሥና ደግፈው እስከ ዕለተ ሞታቸው በታማኝነት ጸኑ። የልጃቸው የአሥራተ ወግ አጥባቂነት መነሻ ይህ ቤት ነው። ታማኝነት በዚያ ቤት የክብር ጉዳይ ነበር።

ለታማኝነቱ የተከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ ሦስቱ ታላላቅ ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋ ወሰን በአርበኝነት በአገር ቀሩ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ሦስቱም ተገደሉ። አበራና አስፋ ወሰን የተገደሉት ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ነው። ከአራቱ ወንድሞች በሕይወት የተረፈው በስደት የነበረው ታናሹ፣ በእንግሊዝ አገር የተማረው አሥራተ ብቻ ሆነ። ገና የ14 ዓመት ብላቴና ነበር። ከዚያ በኋላ የዚህ ሰው ሥራ ሲመዘን ይህን ሐዘን መዘንጋት አይገባም። ለእርሱ አሮጌው ሥርዓት ወንድሞቹ ደማቸውን ያፈሰሱለት አደራ ነበር።

የነጻነት መልስ በእኛ ደጅ በኩል ነው ያለፈው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው በጎጃም አቋርጠው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ራስ ካሣም አብረዋቸው ነበሩ። ከዚያ ተነሥተው በደጀን ዓባይን ተሻግረው በሰላሌ በኩል ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ፊት ለፊት የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ የዚያ ጉዞ መንገድ ነው። የሉማሜ ሽማግሌዎች ጃንሆይ ሲያልፉ ያዩትን ለልጆቻቸው ሲናገሩ ኖረዋል።

ከነጻነት በኋላ አሥራተ ካሣ ገና ወጣት ሳሉ በበጌምድር፣ በአርሲና በሸዋ በገዥነት ተሾሙ። ቀጥሎም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከፍተኛ ሹመት ያዙ። ስማቸው በአገሪቱ ሁሉ የታወቀው ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ብዙ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተይዘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። ደጃዝማች አሥራተ ካሣ ግን አልተያዙም። ከጄኔራል መርዕድ መንገሻና ከሌሎች የጦር ሹማምንት ጋር ሆነው የጦር ሠራዊቱ ከዙፋኑ ጎን እንዲሰለፍ አስተባበሩ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም ዓመፁን አወገዙ። ሙከራው ከሸፈ፤ ዓመፀኞቹ ከመሸሻቸው በፊት ግን ከታገቱት ሰዎች መካከል ብዙዎቹን በጥይት ፈጇቸው።

ግርማሜ ነዋይ በአሜሪካ የተማረ፣ በወላይታ ገዥ በነበረ ጊዜም መሬት ለሌላቸው መሬት ለመስጠት ሞክሮ ከባለ መሬቶች ጋር የተጋጨ ሰው ነበር። አሥራተ በእንግሊዝ ተምረዋል። ሁለቱም የውጭውን ዓለም አይተዋል፤ ሁለቱም አገሪቱ እንደ ነበረች ልትቀጥል እንደማትችል የሚያውቁበት ዕድል ነበራቸው። አንዱ ለማፍረስ፣ አንዱ ለማቆየት መረጠ። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጀግና፣ ሁለተኛውን አድኃሪ ብለው ይፈርጃሉ። እኔ ግን የሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ማየት ይሻላል እላለሁ። የ1953ቱ ሙከራ የተነሣው ቅሬታ የሚሰማበት በር ስላልነበረ ነው። ሙከራውን ያከሸፉት ሰዎች ድል ባደረጉ ማግሥት ያ በር እንዲከፈት ለማድረግ ማንም ያላገኘውን ዕድል አግኝተው ነበር። ዙፋኑ የእነርሱ ባለዕዳ ነበርና።

ከሙከራው በኋላ አሥራተ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዘመኑ ታላቅ ጉዳይ የኤርትራ ፌዴሬሽን ነበር። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አንድ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን የሕግ መወሰኛው ፕሬዚዳንት እርሳቸው ነበሩ። ወግ አጥባቂነት የጸና ውልን ማክበር ከሆነ፣ ፌዴሬሽኑ የተባበሩት መንግሥታት የመከሩበት ውል ነበር። ይህን ነጥብ የሚያነሣ ድምፅ ከወግ አጥባቂዎች ወንበር ይሰማል ብሎ መጠበቅ በሌላ አገር የሚያስገርም አይሆንም ነበር።

ሁለት ዓመት ገደማ ሳይሞላ አሥራተ ራሳቸው ወደ አሥመራ ተላኩ። ከእርሳቸው በፊት የኤርትራ እንደራሴ የነበሩት ጄኔራል አቢይ አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሕግ መወሰኛው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሁለቱ ሰዎች ቦታ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። ይህ ልውውጥ ስለ ምክር ቤቱ ብዙ ይናገራል። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሰብሳቢነትና የአንድ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪነት ከአንድ እጅ የሚሰጡ፣ በአንድ እጅ የሚነሡ ሹመቶች ነበሩ። ልዩ የሥልጣን ምንጭ አልነበራቸውም።

ራስ አሥራተ በአሥመራ እስከ 1963 ዓ.ም. መባቻ ቆዩ። የነጻነት ግንባሩን ሸማቂዎች የሚዋጋ የኮማንዶ ጦር አቋቋሙ፤ በእስራኤላውያን አሠልጣኞችም ታገዙ። ከጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር የነበራቸው ፉክክር ግን ሥራቸውን አላቃናም፤ ዓመፁም እየሰፋ ሄደ። በኅዳር 1963 ዓ.ም. የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በሽምቅ ጥቃት ሲገደሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ራስ አሥራተም ተነሥተው በጦር መኮንን ተተኩ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የዘውድ ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆኑ። ምክር ቤቱ ንጉሠ ነገሥቱን በቅርብ የሚያማክር አካል ነበር።

ታዲያ በእነዚህ ዓመታት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ «አይሆንም» ማለትን ያውቅበት ነበር። የጭሰኞችና የባለ መሬቶችን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ተዘጋጅቶ ለምክር ቤቶቹ ቢቀርብም እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። በሁለቱም ምክር ቤቶች የተቀመጡት ብዙዎቹ ባለ መሬቶች ነበሩና። ስለዚህ ምክር ቤቱ አንገቱን ማዞር ይችል ነበር፤ ግን ያዞረው ወደ ታች፣ ወደ ጭሰኛው ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ዙፋኑ ግን አያዞርም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ብሂል በምክር ቤቱ ሥነ ሥርዓት ውስጥ ባይጻፍም ከተጻፈው ሁሉ በላይ ይሠራ ነበር።

ምክር ቤቱ ሌላም አገልግሎት ነበረው። ቤተ መንግሥቱ ሊያስርም ሊሾምም ያልፈለገው ሰው ማስቀመጫ ነበር። በኦጋዴን ጦርነት ስማቸው የገነነው ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ከጦሩ ተነሥተው ወደ ሴኔት ተላኩ። የእኛው አገር ሰው፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በኋለኞቹ ዓመታት የሴኔቱ አባል ነበሩ። እርሳቸው በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን ፈጥረዋል። ልማድን ሁሉ ሕግ አድርጎ የሚያይ፣ ባላገሩ «ይህን ግብር አልሰጥም» ሲለው ዓለም የተገለበጠ የሚመስለው ባላባት ነው። ይህን ገጸ ባሕርይ የፈጠረው ሰው በሕግ መወሰኛው ወንበር መቀመጡ፣ ከዚያ ወንበር ላይም ሊያደርግ የሚችለው እጅግ ጥቂት መሆኑ፣ ስለ ምክር ቤቱ ከማንኛውም ሰነድ በላይ ይነግረናል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ምክር ቤቱ ወደ ላይ ያልተናገረውን ቃል በ1960 ዓ.ም. የተናገረው የጎጃም ገበሬ ነው።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ከጥንት ጀምሮ ይከፈል የነበረውን አሥራት ተክቶ ግብሩን በምርቱ መጠን ለማስላት የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ይላል። ጎጃም ግን የርስት አገር ነው። መሬቱ ቃላድ አልተጣለበትም፤ ግብሩም በጥንቱ ልማድ የተወሰነ ነበር። ገበሬው ገማች ወደ ማሳው ሲመጣ ያየው ነገር አንድ ነው፤ ዛሬ ምርቱን የሚቆጥር ነገ መሬቱን ይለካል፣ ተነገ ወዲያ ርስቱን ይወስዳል። የዚህ አገር ሰው በርስቱና በሚስቱ አይደራደርም እንደሚባለው፣ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ሆነ።

ስለዚህ ጉዳይ ከመጻሕፍት በፊት የሰማሁት ከአያቴ ነው። የግብር ደረሰኞቹን በትንሽ የቆዳ ከረጢት አድርጎ ከምሰሶው ላይ ይሰቅል ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ሆኖም እያንዳንዱን በመልኩ ያውቀዋል። ርስቱ የእርሱ ለመሆኑ ምስክሮቹ እነዚያ ወረቀቶች ነበሩ። «ግብር አልከፍልም ያልን መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል፤ ያልነው የማናውቀው ሰው ማሳችን ውስጥ አይገባም ነው» ይል ነበር። ይህን ቃል በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ወግ አጥባቂነት ሳነብ ደጋግሜ አስታወስኩት። በማዕረግ ሳይሆን በአቋም ከተመዘነ፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ወግ አጥባቂዎች ሁሉ ጽኑው የጎጃም ባለ ርስት ገበሬ ነበር።

ዓመፁ በብዙ የጎጃም አውራጃዎች ተቀጣጠለ። መንግሥት ወታደር አዘመተ፤ በአንዳንድ ስፍራም አውሮፕላን ተጠቀመ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አፈገፈጉ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

አስቡት። አዋጁ በሁለት ምክር ቤቶች አልፏል። የጎጃም ርስት ከቃላድ አገር እንደሚለይ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕግ መወሰኛው ተቀምጠዋል። ልማድን መጠበቅ ሥራዬ ነው የሚል ምክር ቤት ልማድ የሚነካ አዋጅ ሲመጣለት ለዙፋኑ «ይህ በጎጃም አይሠራም፤ ይቆይ» ሊል የሚገባው እርሱ ነበር። ምክር ቤቱ ይህን ባለማድረጉ መልሱ የተሰጠው በጠመንጃ ሆነ። ራስ አሥራተ በዚያን ጊዜ በአሥመራ ስለነበሩ ይህን በእርሳቸው ላይ አላላክክም። የምናገረው ስለ ወንበሩ ነው።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። በክፍል ያነበብነው ስለ ባሪ ጎልድዋተር ነበር። ጎልድዋተር በታኅሣሥ 1901 ዓ.ም. በአሪዞና ተወለደ፤ ያኔ አሪዞና ገና የክፍለ ግዛትነት መብት አላገኘችም ነበር። ቤተ ሰቡ ትልቅ የሸቀጥ መደብር ነበራቸው። በ1945 ዓ.ም. የሴኔቱን የአብላጫ መሪ አሸንፎ ሴናተር ሆነ። የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን እንዲጠብብ፣ ግብር እንዲቀንስ፣ ኮሙኒዝም በጽናት እንዲገታ ይከራከር ነበር። በሰኔ 1956 ዓ.ም. የጥቁር አሜሪካውያንን መብት የሚያስከብረው ሕግ ሲጸድቅ የመንግሥትን ሥልጣን ያለ አግባብ ያሰፋል ብሎ በተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ይህ የሕይወቱ ከባድ ጥላ ነው፤ ወግን ለመጠበቅ ሲል በደልን ይጠብቃል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀስበታል። በ1957 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከ50 ክፍለ ግዛቶች 6ቱን ብቻ አሸንፎ ክፉኛ ተረታ። መሸነፉ ግን አላሳሰረውም፤ አላሰደደውምም። በ1961 ዓ.ም. ምርጫ ወደ ሴኔት ተመለሰ፤ እስከ 1979 ዓ.ም. አገለገለ፤ በ1990 ዓ.ም. አረፈ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁሉ እኔ የምመርጠው አንዲት ቀን ነው፤ ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም.። የራሱ ፓርቲ መሪ የነበረው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ጉዳይ ተይዟል። በዚያ ቀን ጎልድዋተር ከሌሎች ሁለት የፓርቲው የምክር ቤት መሪዎች ጋር ወደ ዋይት ሐውስ ሄዶ እውነቱን ነገረው። ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ላለመሻር ከ100 ሴናተሮች የ34ቱን ድምፅ ማግኘት ነበረበት፤ አያገኝም። ኒክሰን በማግሥቱ ሥልጣን እንደሚለቅ ለሕዝቡ ተናገረ። ይህን የነገሩት የራሱ ሰዎች ስለነበሩ ሊክደው አልቻለም። ጎልድዋተር ይህን ለማለት የቻለው ደፋር ስለነበረ ብቻ አይደለም። ወንበሩን የሰጠው ኒክሰን ሳይሆን የአሪዞና ሕዝብ ነበር።

በዚያው ሳምንት በአዲስ አበባ ምን ይሆን ነበር? ንጉሠ ነገሥቱና ኒክሰን ከ15 ወራት በፊት፣ በግንቦት 1965 ዓ.ም.፣ በዋሽንግተን ተገናኝተው ነበር። በመካከሉ የወሎ ረሃብ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር፤ መከራው ለረጅም ጊዜ በአገር ውስጥ በግልጽ እንዳይነገር ተደርጎ ቆየ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ ተማሪው፣ መምህሩና የታክሲ ነጂው ተነሣ፤ የአክሊሉ ካቢኔ ወደቀ። ዙፋኑን በሕግ የሚገድብ አዲስ ሕገ መንግሥት መረቀቅ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ የሚቀበለው መንግሥት አልነበረም። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ፤ በክረምቱ ሹማምንቱ አንድ በአንድ ተያዙ። ጎልድዋተር ወደ ዋይት ሐውስ በገባበት ቀን የዘውድ ምክር ቤቱ ሰብሳቢ ራስ አሥራተ እስረኛ ነበሩ። በዚያው ነሐሴ የዘውድ ምክር ቤቱ ራሱ ተሰረዘ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የመውረጃቸውን ቃል ያነበቡላቸው ወታደሮች ናቸው። ለዚያ ዙፋን ወንድሞቻቸውን የገበሩ፣ በ1953 ዓ.ም. ያዳኑት ሰዎች በወቅቱ ሄደው «ጃንሆይ፣ ጊዜው ደርሷል» የሚሉበት ሥርዓት አልነበረም።

ፍጻሜው የታወቀ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ 60 ያህል ሰዎችን ገደለ። ራስ አሥራተ ካሣ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ፤ የ52 ዓመት ሰው ነበሩ። በፕሬዚዳንትነት የተኳቸው ጄኔራል አቢይ አበበም በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ሲፎካከሯቸው የኖሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድም አብረው ወደቁ። ከሴኔት ወንበር ተነሥተው የደርግ መሪ የሆኑት ጄኔራል አማን አንዶም ደግሞ በዚያች ሌሊት በቤታቸው ተከበው ሞቱ። ሁለት የሕግ መወሰኛ ፕሬዚዳንቶችና አንድ ሴናተር በአንድ ሌሊት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ የጭሰኝነት ረቂቁን ያዘገየው ምክር ቤት የማይናገርበት አዋጅ ነበር።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡብኝ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ «በባላባት ቤት ለተወለደ፣ የሕዝብን ጩኸት ላልሰማ ሰው ለምን ታዝናለህ?» የሚል ነው። እኔ ራስ አሥራተን ከተጠያቂነት ነጻ አላወጣም። በኤርትራ የተከተሉት መንገድ የፈሰሰውን ደም አላቆመም፤ ጭሰኛው ዘመኑን ሙሉ የጠበቀውን ሕግ የእርሳቸው ወገን አልሰጠውም። ነገር ግን ሰው ያለ ፍርድ መገደሉ ሰውየው ያጠፋውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ አገር ያጠፋል። በፍርድ ቤት ቆመው ቢሆን ኖሮ ስለ ፌዴሬሽኑ፣ ስለ 1953ቱ፣ ስለ ዘውድ ምክር ቤቱ የሚሰጡትን ቃል ዛሬ እናነበው ነበር። የጥይቱ ድምፅ የእኛንም ማኅደር ዘጋው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አሜሪካንን ለምን ታመሰግናለህ?» ነው። አላመሰገንኩም። የጎልድዋተር ወንበር በ1956 ዓ.ም. ለተበደሉት ሰዎች ተቃራኒ ሆኖ ቆሟል። ነጻ ወንበር ሁልጊዜ ትክክል አይናገርም። ለራሱ ወገን «አይሆንም» ማለት ግን ይችላል፤ ከእርሱ የምንጠብቀውም ይኸው ነው። ያንን ለመማር ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። አያቶቻችን በሽምግልና ሲቀመጡ ሽማግሌው ለዘመዱ ካደላ ሽምግልናው ይፈርሳል። ሽማግሌ ዳኝነቱ የሚከበረው የራሱን ወገን ሲገሥጽ ነው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ይህን ወግ ወደ አዳራሹ ሳያስገባ ቀረ።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አዎን፣ ወግ አጥባቂ ሴናተር ነበረን፤ የተማረ፣ ደፋር፣ ታማኝ ሰው ነበረ። የጎደለው ወንበር ነበር። ለዙፋኑ ፍቅር ያለው ሰው ዙፋኑን የሚመክርበት ወንበር ባለመኖሩ በ1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ወታደሩ ተናገረ። እያንዳንዱ ንግግር ደም ጠየቀ።

ከእናንተ መካከል ነገ በወረዳ፣ በዞን ወይም በአገር ምክር ቤት የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። ማቆየትን የምትመርጡ ከሆናችሁ አላፍርባችሁም፤ መለወጥን የምትመርጡም እንዲሁ። ከሁለታችሁም የምለምነው አንድ ነው። ወንበራችሁን ማን እንደ ሰጣችሁ ጠይቁ፤ ለሰጪው «አይሆንም» ማለት የማትችሉ ከሆነ ያ ወንበር የእናንተ እንዳልሆነ ዕወቁ።

 ሽማግሌዎቻችን በ1960 ዓ.ም. ያዩትን እንዲነግሩን መድረኩን አሁን ለእነርሱ እለቃለሁ።